ከአደባባይ በፊት ውሃ፣ ከቀለም በፊት መጋዘን

የመተማ ነጋዴ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሰሊጥ ዋጋ አይደለም። “በሩ ተከፍቷል?” ይላል። ቀጥሎ “መንገዱስ እንዴት አደረ?” ብሎ ይጠይቃል። የኩንታል ዋጋ በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል። በመርካቶም ሆነ በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ዋጋ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። በመተማ ሦስተኛ መሆኑ ስለ ከተማዪቱ ኢኮኖሚ ከማንኛውም ሪፖርት የበለጠ ይናገራል።

መተማ ዮሐንስ ከጎንደር ተነስቶ በአይከልና በገንዳ ውሃ በኩል ወደ ምዕራብ 200 ኪ.ሜ. ገደማ የሚዘልቀው አስፋልት የሚያበቃባት ከተማ ናት። አስፋልቱ ሲያበቃ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ማዶ የሱዳኗ ገላባት ትገኛለች። ከገላባት 150 ኪ.ሜ. ገደማ ሲጓዙ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ከሰላ፣ በመጨረሻም ፖርት ሱዳን ይደረሳል። ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማሽላ፣ ማሾና ዕጣን የሚያበቅለው የምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ማለትም መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ፣ ገበያው በዚህ መስመር ላይ ነው።

እንዲህ ያለች ከተማ ምን ትሥራ? የከተማ አስተዳደሮች ዕቅድ ሲነበብ ሁልጊዜ ሦስት ቃላት አብረው ይመጣሉ፤ ዕድገት፣ መሠረተ ልማት፣ የኅብረተሰብ ደኅንነት። ሦስቱም “ቅድሚያ ተሰጥቷቸዋል” ይባላል። ነገር ግን ሁሉም ቅድሚያ ከተሰጠው ለማንም ቅድሚያ አልተሰጠም። በጀቱ ትንሽ፣ ችግሩ ብዙ በሆነባት የጠረፍ ከተማ የተራ ጉዳይ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። የመተማ ተራ ደግሞ ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም የተለየ መሆን አለበት። ምክንያቱ ከዚህ ይከተላል።

በሩ የማን ነው?

መተማ ትናንት የተቆረቆረች ገበያ አይደለችም። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን የደጋው ቡናና ሰም፣ የቆላው ጥጥና የማዶው ሸቀጥ የሚገናኙበት የሲራራ ነጋዴ መድረሻ ነበረች። በዚያ ዘመን ሰውም እንደ ሸቀጥ ይሸጥባት እንደነበር መካድ አይቻልም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ እዚሁ ወድቀዋል፤ ከተማዪቱም ስማቸውን ይዛለች። ንግድና ጦርነት በአንድ በር ሲገቡና ሲወጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

የቅርቡ ታሪክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተከፈተው ጦርነት አሰብ ሲዘጋ ነጋዴው ዓይኑን ወደ ፖርት ሱዳን አዞረ፤ የመተማ መስመርም ዋጋ አገኘ። በጥር 1995 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሱዳን ነዳጅ መግዛት ስትጀምር የቦቴ መኪኖች በዚህ በር ገቡ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝና በፕሬዚዳንት ኦማር አል በሽር የተመረቀው ባለ 230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር በዚሁ ቆላ ላይ አልፎ ገዳሪፍ ገባ።

ይህ ሁሉ ሲሆን መተማ አደገች። በሩ ሲዘጋስ? በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የሱዳን ጦር አልፋሽቃ የሚባለውን የእርሻ መሬት ከያዘ ወዲህ የሆነውን መቁጠር ይበቃል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. አንድ የሱዳን የጦር አዛዥ ታገተ በሚል ሱዳን በሩን ዘጋችው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ወታደሮቼ ተገደሉ በሚል እንደገና ዘጋችው፤ በሐምሌ ተከፈተ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ታጣቂዎች መተማ ዮሐንስ መግባታቸው ሲሰማ የገዳሪፍ ባለሥልጣናት በሩን ዳግም ዘጉት።

ከእነዚህ ውሳኔዎች ውስጥ አንዱም በመተማ ከተማ ምክር ቤት አልተወሰነም። የተወሰኑት በካርቱም፣ በአዲስ አበባ፣ አንዳንዴም በጠመንጃ አፈሙዝ ነው። ሌሎች የበር ከተሞችም ከዚህ የተለየ ዕጣ አልገጠማቸውም። ዛላንበሳ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በእልልታ ተከፍቶ ታኅሣሥ ላይ ተዘጋ። የሑመራ-ኦምሐጀር በር በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ተከፈተ፤ ሚያዝያ ላይ ተዘጋ። በእነዚህ ጥቂት ወራት ሱቅ የተከራየ፣ ዕቃ ያከማቸ፣ በብድር መኪና የገዛ ነጋዴ ዕዳው ቀረለት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ቁም ነገር አለ። በጉምሩክ ኬላ የሚሰበሰበው ቀረጥ የፌዴራል መንግሥት ገቢ ነው። ከተማዪቱ በራሷ ስም የምትሰበስበው የቦታ ሊዝና ኪራይ፣ የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ክፍያና የመሳሰለውን ነው። አንድ መቶ መኪና ሳያድር ቢያልፍ ለፌዴራል ካዝና ትልቅ ነገር ነው፤ ለከተማዪቱ ግን አቧራና የሻይ ሽያጭ ብቻ ይተርፋታል። ስለዚህ የከተማዪቱ ጥቅም ያለው ዕቃው በማለፉ ሳይሆን ከማለፉ በፊት በከተማዪቱ ውስጥ በሚሠራበት ሥራ ነው። ለመተማ የሚወጣ ዕቅድ መነሻው ይህ መሆን አለበት፤ በሩ ሲከፈት የሚያተርፍ፣ በሩ ሲዘጋም የማይጠፋ ነገር ምንድን ነው?

ሰሊጡ ያልፋል፣ ከተማዪቱ ትቀራለች

መልሱ በየማሳው ነው። የዚህ ቆላ ሰሊጥ በምርት ገበያው “ነጭ የሑመራ ጎንደር” በሚል መጠሪያ የሚሸጥ፣ በነጭነቱና በጣዕሙ በውጭ ገዢ ዘንድ የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ሰሊጥ በግድ በዚያ በኩል እንዲሸጥ ተደርጓል፤ በመተማም መጋዘን ተከፍቷል። አቅራቢው ሰሊጡን አምጥቶ ያስመዝናል፣ ደረጃ ያስወጣል፣ ደረሰኝ ይይዛል፤ ሽያጩ ግን በሌላ ቦታ ያልቃል። ከዚያ ሰሊጡ እንደተጫነ ወደ ጂቡቲ መንገድ ይወርዳል። ዋና ገዢዎቹ ቻይናና እስራኤል ናቸው።

ታዲያ ለከተማዪቱ ምን ቀረላት? የጫኝና አውራጅ ደመወዝ፣ የደላላ ኮሚሽን፣ የመኝታና የምግብ ቤት ሽያጭ። ማበጠሩ፣ መላጡ፣ ዘይት መጭመቁ፣ ጣሂና ማድረጉ የሌላ ከተማና የሌላ አገር ሥራ ነው። ዘይት ሲጨመቅ የሚተርፈው ፋጉሎ ለከብት ማደለቢያ የሚሆን መኖ ነው። መተማ ደግሞ የቁም ከብት ወደ ሱዳን የሚነዳባት በር ናት። ከብቱ በዚህ፣ ሰሊጡ በዚያ ያልፋሉ እንጂ አይገናኙም። ጥጡም ቢሆን መዳመጫ እስኪያገኝ ድረስ ከነፍሬው በመኪና ይጓዛል፤ ፍሬው ከክብደቱ ግማሽ በላይ ስለሆነ ነጋዴው የማይፈልገውን ዕቃ ለማጓጓዝ ኪራይ ይከፍላል ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል አንዱ ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሰሊጥ የሚገዛው ለሰሊጥነቱ ሳይሆን ለዶላሩ ነበር። ላኪው ሰሊጡን ከዓለም ዋጋ በላይ ገዝቶ በኪሳራ ይልከዋል፤ ባገኘው ዶላር ዕቃ አስገብቶ ኪሳራውን በአገር ውስጥ ዋጋ ያካክሳል። እንዲህ ባለ ገበያ ማበጠሪያና መጭመቂያ የሚተክል ሞኝ ነው፤ ጥሬውን ሰሊጥ ከላኪው ጋር ተሻምቶ መግዛት አይችልምና። በሌላ በኩል የባንኩና የጥቁር ገበያው ምንዛሪ ልዩነት ሰሊጡን በሌሊት ወደ ማዶ ይጎትተው ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ሒሳቡ ተለውጧል። የአንድ ዶላር ዋጋ በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሰሊጥን በኪሳራ ለመላክ የሚገፋፋው ምክንያት ቀነሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ጨምሮ መሸጥ ጥሬውን ከመሸጥ ሊሻል የሚችልበት በር ተከፍቷል። ይህ በር ከገላባቱ በር ይለያል፤ ለመጠቀም የከተማዪቱ ዝግጅት ይበቃል።

ዝግጅቱ ምንድን ነው? ከተማ ፋብሪካ አይተክልም፤ ፋብሪካ የሚተክል ሰው እንዳይሸሽ ማድረግ ግን ይችላል። ለማበጠሪያና ለመጋዘን የተከለለ፣ ጎርፍ የማይተኛበት፣ መብራትና ውሃ የገባለት ቦታ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በሊዝ ማውጣት የከተማው ሥራ ነው። ለባለሀብት ባዶ ሜዳ ሰጥቶ “መብራቱን ራስህ አስገባ” ማለት ግን ቦታ መስጠት አይባልም። ለገዳሪፍ የሚሄደው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በገንዳ ውሃ አካባቢ ካለው ማከፋፈያ ጣቢያ ተነስቶ በዚህ ቆላ ላይ ያልፋል። ለጎረቤት አገር የሚሸጥ መብራት አናቱ ላይ የሚያልፍበት ባለሀብት ማሽኑን በጄኔሬተር ካንቀሳቀሰ ነገሩ ያሳፍራል።

መጋዘን ከሁሉም የሚቀድምበት ሌላ ምክንያት አለ። ሰሊጥ የሚታጨደው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ገበሬው ግን በሐምሌ አረም ሲያስነቅል ገንዘብ ያልቅበታል፤ ስለዚህ ገና ያልታጨደውን ሰሊጥ ለአበዳሪ ነጋዴ በርካሽ ይሸጣል ወይም በአራጣ ይበደራል። የቀረውንም ማስቀመጫ ስለሌለውና ዕዳ ስለሚያስጨንቀው ዋጋ በወደቀበት በኅዳር ያወጣዋል። መጋዘን ያለው ግን ሦስት ወር ይጠብቃል፤ የመጋዘን ደረሰኙን አስይዞም ከባንክ ሊበደር ይችላል። መጋዘን በየቀበሌው ገበያ ቢኖር የገበሬው ትርፍ ከአበዳሪው ኪስ ወጥቶ ወደ መተማ ሱቆች ይዞራል። በሩ ሲዘጋም ሰሊጡ ሳይበላሽ ይቆያል። ሰሊጥ ደረቅ በመሆኑ ይህን ጊዜ ይታገሣል፤ ዕዳ ግን አይታገሥም።

ሠራተኛው የት ይደር?

የሰሊጥ አዝመራ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ሲደርስ ፍሬው የያዘው ቆብ ራሱ ተከፍቶ ይረግፋል። ለማጨድ ያለው ጊዜ በቀን የሚቆጠር ነው። ስለሆነም በየዓመቱ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል። ይህ ጉልበት አንድ ሳምንት ከዘገየ ሰሊጡ መሬት ላይ ይቀራል። በመተማ ገበያ የአቅርቦት ዋና ጥያቄ የዝናብ ብቻ ሳይሆን የሰው ነው።

ይህ ሠራተኛ የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው። ቀትሩ በበጋው ማብቂያ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት አገር ሰው ሌሊቱን በግራር ሥር፣ በተሰነጠቀ ዋልካ አፈር ላይ ይተኛል። ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትኖረውም የምትነክሰውም በዚያው ነው። በሽታው ካልታከመ ይገድላል። ከደጋ የመጣው ሠራተኛ ደግሞ በሽታውን የመቋቋም ልምድ የሌለው ነው። ወባም ከዝናቡ ጋር ተያይዞ የሚመጣው የሥራ ቀን በሚፈለግበት ወራት ነው። በሽታው ከሠራተኛው ጋር ወደ አገር ቤት ይመለሳል፤ በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሊቦ ከምከም የተነሳውን የካላ አዛር ወረርሽኝ ባለሙያዎች ከቆላ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር ያያይዙታል።

ይህ የጤና ጉዳይ እንጂ የገበያ ጉዳይ አይደለም የሚል ባለሀብት ካለ የደመወዝ መዝገቡን ይመልከት። ሠራተኛው ቆላ መውረድ አደጋ መሆኑን ሲያውቅ ወይ አይመጣም ወይ ዋጋ ይጨምራል። አጨዳ ላይ የሚወጣው ወጪ ከፍ ሲል ትርፉ ይቀንሳል። አጎበር፣ በየእርሻው መሐል የመኝታ ዳስ፣ ቶሎ የሚመረምር ጤና ጣቢያና ንጹሕ ውሃ ለአንድ ባለእርሻ ብቻውን ከባድ ወጪ ነው፤ እሱ ባስታጠቀው ሠራተኛ ጎረቤቱ ስለሚጠቀምም ማንም ቀድሞ አያወጣም። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ገበያው ብቻውን የማያቀርበው የጋራ ጥቅም የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የጋራ ጥቅም ሲሆን ደግሞ የአስተዳደር ሥራ ነው። ባለእርሻው በሔክታር ጥቂት ብር ቢያዋጣ፣ ከተማውና ወረዳው ቦታና የጤና ባለሙያ ቢያቀርቡ ሁሉም ያተርፋል።

ውሃን በተመለከተ 2015 ዓ.ም. ትልቅ ትምህርት ጥሎ አልፏል። የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በር ከስድሳ በላይ አገሮች ዜጎች ገቡ፤ የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንም ብዙ ነበሩ። ኩመርና አውላላ የስደተኛ መጠለያ ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ስደተኞቹ ጸጥታ አጣን ብለው ከመጠለያው እስከ መውጣት ደረሱ፤ በኋላም በአፍጢት አዲስ ሠፈር ተዘጋጀ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በኩመር ኮሌራ ገባ። ኮሌራ የሚገባው ውሃና መጸዳጃ በሌለበት ነው። ለነዋሪዋ የማይበቃ ውሃ ያላት ከተማ ድንገት ሰው ሲፈስባት የሚሆነው ይኸው ነው። ጓንግና ሽንፋን የመሰሉ ወንዞች በዝናብ ጊዜ ሞልተው ወደ ሱዳን የሚወርዱበት ቆላ በበጋ ውሃ በጀሪካን ሲሸጥበት ማየት የቅድሚያ መዛባትን ያሳያል። ውሃ በጀሪካን የሚገዛ ደሃ በቧንቧ ከሚጠጣው ይበልጥ እንደሚከፍል የማያውቅ ነጋዴ የለም።

ሁለት ከተማ፣ አንድ ገበያ

የቀድሞው ሰሜን ጎንደር በ2010 ዓ.ም. ለሦስት ዞን ሲከፈል የምዕራብ ጎንደር ዋና ከተማ የሆነችው ገንዳ ውሃ ናት፤ ነባሩ ሰው አሁንም ሸኸዲ ይላታል። መተማ ዮሐንስና ገንዳ ውሃ 40 ኪ.ሜ. ገደማ ይራራቃሉ። ሁለቱም የየራሳቸው አስተዳደር፣ የየራሳቸው ዕቅድ አላቸው። ሁለቱም መናኸሪያ፣ ሁለቱም የገበያ ማዕከል፣ ሁለቱም የኢንዱስትሪ መንደር ቢያምራቸው አይፈረድባቸውም። ነገር ግን በጀቱ አንድ፣ ሰሊጡም አንድ ነው።

የሚያዋጣው የሥራ ክፍፍል ነው። ገንዳ ውሃ ከድንበር ራቅ ያለች፣ የኃይል ማከፋፈያ የቀረባት፣ የደጋው መንገድ የሚገናኝባት ናት። ማበጠሪያው፣ መጭመቂያው፣ መዳመጫውና ትልቁ መጋዘን እዚያ ቢሆን በሩ በተዘጋ ቁጥር ሥራው አይቆምም። መተማ ዮሐንስ ደግሞ የጠረፍ ንግድ፣ የጭነት መኪና ማቆሚያ፣ የከብት ገበያና የጉምሩክ አገልግሎት ቦታ ትሁን። በሞያሌ ኢትዮጵያና ኬንያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ያስመረቁት የአንድ መስኮት ኬላ ነጋዴው በሁለት አገር ሁለት ጊዜ መቆሙን ለማስቀረት የታሰበ ነው። በገላባት በኩል ሰላም ሲወርድ እንዲህ ያለ ኬላ መጠየቁ አይቀርም። ያን ቀን የሚሆን ሰፊ ቦታ ዛሬ በድልድዩ አቅራቢያ ለሱቅ ተሸንሽኖ ካለቀ ነገ በካሳ ማስለቀቅ ነው። ቦታ ከልሎ ማቆየት ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የተቃዋሚው ክርክር

በዚህ ላይ የሚነሱ ሁለት ክርክሮች አሉ፤ ሁለቱም በዋዛ አይታለፉም።

የመጀመሪያው የኮሪደር ልማት ክርክር ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው ይህ ሥራ ወደ ክልል ከተሞች ተዛምቷል፤ ጎንደርና ባሕር ዳርም ይዘውታል። ደጋፊዎቹ የከተማ ገጽታ ባለሀብት ይስባል፣ መንገዱ ይሰፋል፣ የፍሳሽ መውረጃው ይስተካከላል ይላሉ። ስለ ፍሳሽ የተናገሩት ልክ ነው። በመተማ የተደፈነ ቦይ የወባ ትንኝ መራቢያ ስለሆነ ቦይ መክፈት ጤና ጥበቃ ነው፤ መጀመሪያ ይሠራ። ነገር ግን የአስፋልት ዳር መብራትና የሕንፃ ቀለም ሰሊጥ ገዢን አይስበውም። ሰሊጥ ገዢ የሚያየው ሚዛኑን፣ መጋዘኑንና መንገዱን ነው። ጎንደር የፋሲልን ግንብ ለማየት ለሚመጣ ጎብኚ ገጽታዋን ብታሳምር ከገቢዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ የመተማ ገቢ ከኩንታል ጋር የተያያዘ ነው። ለንግድ ፍርስራሽ የሚሆን ሱቅም አስቀድሞ በበር መዘጋት የተጎዳ ነጋዴ ሱቅ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል። ሰላም በሌለበት መጋዘን ለማን ይሠራል? ከጎንደር መተማ ባለው መንገድ ሾፌርና መንገደኛ ታግቶ ገንዘብ መጠየቁ የታወቀ ነው። የጭነት ኪራይ የሚሰላው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በፍርሃትም ሆኗል። ይህ እውነት ነው፤ የከተማ ምክር ቤት ጦርነት ማስቆም አይችልም። ሆኖም ሰላም እስኪመጣ ምንም አይሠራ ማለት አይደለም። ይልቁንም በአደጋ ጊዜ ገንዘብ የሚውልበት ቦታ ይበልጥ መመረጥ አለበት። መንገድ ሲዘጋ ምርቱን የሚያቆይ መጋዘን፣ ሰው ሲፈስ የሚያጠጣ ጉድጓድ፣ ሲታመም የሚቀበል ጤና ጣቢያ በሰላምም በጦርነትም ይሠራሉ። አደባባይ ግን ሰው ሲወጣበት ብቻ ነው የሚያገለግለው። ሥራ ያጣ ወጣት ጫካ የሚገባባት አገር ውስጥ ማበጠሪያ ላይ የሚቀጠር መቶ ሰው የጸጥታ ጉዳይ መሆኑንም ማንም አይክድም።

ገንዘቡስ ከየት?

የከተማ በጀት ሁለት ኪስ አለው። ለትምህርት፣ ለጤናና ለመሳሰለው ከክልል የሚመጣ ድጎማ አለ። ለመንገድ፣ ለቦይ፣ ለገበያ ቦታና ለጽዳት ግን ማዘጋጃ ቤቱ በራሱ ገቢ ነው የሚተዳደረው። የጠረፍ ከተማ የራሷ ገቢ ከንግዱ ጋር ይዋዥቃል፤ በሩ ሲዘጋ ሱቁ ይዘጋል፣ ክፍያውም ይቀራል።

በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ለከተሞች አዲስ የገቢ መንገድ ከፍቷል። ቦታና ቤት በድንበር መዘጋት ተነቅለው ስለማይሄዱ ገቢው ከቀረጥ ይልቅ የሚረጋ ነው። ነገር ግን ነጋዴው አዲስ ግብር ሲጠየቅ በተራው የሚጠይቀው አለ፤ ገንዘቡ የት ገባ? የመተማ ነጋዴ በመንገድ ለአጋች፣ በየኬላው ለማያውቀው ደረሰኝ ሲከፍል የኖረ ነው። ለውሃና ለመጋዘን መዋሉን ካየ ይከፍላል፤ ለአምፖልና ለአበባ ከሆነ ግን ቤቱን በዘመድ ስም ያዞራል። ግብር በግድ ይሰበሰባል ቢባልም በጠረፍ ከተማ ግድ ብዙ አይሠራም፤ ሰውየው ድልድዩን ተሻግሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ተራው እንዲህ ቢሆን ይበጃል። አንደኛ፣ ውሃና የፍሳሽ ቦይ፤ ያለ እነሱ ሰውም ገበያም አይቆምም። ሁለተኛ፣ ለመጋዘንና ለማበጠሪያ የሚሆን የተዘጋጀ ቦታ ከነመብራቱ፣ ከገንዳ ውሃ ጋር በተደረገ የሥራ ክፍፍል። ሦስተኛ፣ ለአጨዳ ሠራተኛ መኝታና ምርመራ፣ ባለእርሻው ባዋጣበት። አራተኛ፣ ለወደፊቱ ኬላና ለመኪና ማቆሚያ የሚሆን ቦታ ካሁኑ መከለል። አምስተኛ፣ ገቢና ወጪውን በየሩብ ዓመቱ በገበያው ቦታ በግልጽ መለጠፍ። ከዚህ የተረፈ ካለ ለአደባባይ ይሁን፤ የሚከፋው የለም።

አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። የመተማ በር ነገ ሊከፈት ይችላል፤ ከነገ ወዲያም ሊዘጋ ይችላል። በመቶ ዓመት ውስጥ ያልተለወጠውን ይህን ነገር የከተማ ምክር ቤት በውሳኔ አይለውጠውም። የሚችለው የመስከረም ሰሊጥ ሲታጨድ በሩ ተዘግቶ ቢገኝ ገበሬው የሚያስቀምጥበት፣ ሠራተኛው የሚጠጣውና የሚያድርበት፣ ነጋዴውም የሚሠራው እንዲኖረው ማድረግ ነው። ያን ጊዜ የመተማ ነጋዴ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የኩንታሉን ዋጋ ይሆናል።